ሁለት ጊዜ የመጣው ወር

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ጭጋጉ የወደብ ከተማችንን ቤይሻን ውጧት ነበር። ከደጄ እስከ ሦስተኛው የመርከብ ማቆሚያ አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የወደቡ ጡሩምባ በየደቂቃው ያጓራል። የሰው ድምፅ ከፊት ለፊቴ ይመጣል፣ ሰውየው ግን አይታይም። እኔ እንደሆነ ድሮም ጭጋግ ሲወርድ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አይለይልኝም። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ሠላሳውን በፖሊስ ቤት ጨርሻለሁ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ ሥራህን የምትሠራው በሕልምህ ነው» ትለኛለች። አልዋሽም፣ ግማሹ እውነቷን ነው።

ማቆሚያው ጫፍ ላይ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው በጀርባው ተጋድሟል፤ ሌላው አጠገቡ ተንበርክኮ ከልብሱ ውሃ እየተንጠፈጠፈ ይንቀጠቀጣል። የተጋደመው አለቃ ሙ ነበር። ሰላምታውን ከሩቅ የማውቀው፣ ከተማው ሁሉ «አለቃ» የሚለው ሽማግሌ፣ የጭንቅላቱ ኋላ ተሰብሮ፣ ዓይኑ ተከፍቶ ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ ዓይኑን ከደንኩለት።

አለቃ ሙ ናሙና ቀጂ ነበር። ነዳጅ የጫነ መርከብ በመጣ ቁጥር ወጥቶ ከጋኑ ሦስት ጠርሙስ ይቀዳል። አንዱ ለመርከቡ፣ አንዱ ለማጣሪያው፣ አንዱ ደግሞ እሱ መጋዘን ውስጥ ዘጠና ቀን ይቀመጣል። ጠርሙሱ ላይ የመርከቡን ስምና ቀኑን በእጁ ይጽፋል። ያለ እሱ የእጅ ጽሕፈት «ሰባት ጭስ» የምንለው ማጣሪያ አንዲት ጠብታ አያስገባም።

ቦርሳው የማቆሚያው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከፈትኩት። ሦስት ጠርሙስ፣ ታሽገው፣ ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። ስሙ «ሺንፉ ስድስት» ይላል። ቀኑ እንደ ልማዱ በጨረቃ አቆጣጠር ነው፦ ሦስተኛ ወር፣ ስድስት። አለቃ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ስለሆነ ከጨረቃ ውጪ ቀን አይቆጥርም። ከፍ አድርጌ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ምንም አልታየኝም።

ከሬሳው ጀርባ አንድ ጥቁር ግድግዳ ቆሟል። ቀና ብዬ ሳየው መርከብ ነው። የወደቡን ዘበኛ ይቺ መርከብ ማን ትባላለች ብዬ ጠየቅኩት።

«እዚህ ማቆሚያ ላይ መርከብ የለም» አለኝ።

እንዲህ ሲለኝ እጁን መርከቧ ላይ ደገፍ አድርጎ ነበር።

ነገሩ ቤይሻ ውስጥ ለማንም ሚስጥር አይደለም። ባሕር ማዶ፣ አንድ ሩቅ ከተማ ውስጥ፣ ሰዎች ቁጭ ብለው የስም ዝርዝር ያወጣሉ። ከእገሌ አገር ነዳጅ የገዛ ባንክ አይገባም፣ ለመርከቡ ኢንሹራንስ የሚገባለት አያገኝም ይላሉ። ነዳጁ ግን ወደ መሬት ተመልሶ አይገባም፤ ስሙን ቀይሮ በጓሮ በር ይመጣል። እኛ «የአክስት ዘይት» እንለዋለን። ከየት መጣ ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አክስቴ ላከችልኝ» ብሎ መልሷል ይባላል። ወረቀቱ ንጹሕ የሆነው ደግሞ «ባለ ፓስፖርት» ነው። የአክስቱ በበርሜል ስምንት ዶላር ይረክሳል፤ የቤይሻ ጋዝ ምድጃ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት፣ የእኔም ደመወዝ ሳይቀር ከዚያች ቅናሽ ነው የሚወጣው። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ቅናሹ ይሰፋል፣ የሚያመጣው መርከብ ግን ይጠፋል። ከዚያ ቆራሌ እንኳ የማይወስዳቸው አሮጌ መርከቦች ከአዲሶቹ በላይ ይወደዳሉ። ባለ ፓስፖርቱንም ዓለም ሁሉ ይሻማበትና ዋጋው ጣራ ይነካል። አንድ ሰው እዚያ ማዶ ስም ሲጽፍ እዚህ የእኛ ድስት ይሞቃል ወይ ይበርዳል።

ዘንድሮ ደግሞ ዝርዝሩ ሰባት ጭስን ራሱን ሊያስገባ ነው የሚል ወሬ መጣ። ማጣሪያው የአክስት ዘይት ትቻለሁ ብሎ ማለ፤ ያንን የሚያጣራ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ የአለቃን ጠርሙሶች ሊያይ ቀጠሮ ተያዘ። ስለዚህ ይቺ የአክስት ዘይት ጭና የመጣች መርከብ የለችም።

የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ከዚያችው ከሌለችው መርከብ ነው። ታንት ይባላል፣ አገሩ በርማ ነው፣ የመርከቧ ፓምፕ ሠራተኛ። ጣቢያ ወስደን ብርድ ልብስ ደረብንለት። አሥራ አራት ወር በእኛ ወደቦች ስለዞረ ቋንቋችንን እየሰበረም ቢሆን ይናገራል። ሊነጋጋ ሲል ውሃው ላይ ጃኬት አየሁ፣ ሰው መሆኑን ሳውቅ ዘለልኩ አለ። ሐኪሙ ሟቹ የሞተው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ሰዓት መካከል ነው፣ ሳንባው ውስጥም የባሕር ውሃ የለም ብሎናል። ሞቶ ነው የተጣለው ማለት ነው።

ታንትን ስንፈትሽ ከኪሱ የአለቃ ሙ ስልክ ወጣ።

የጣቢያችን አዛዥ ስልኩን ሲያይ ፊቱ በራ። እኔን ወደ ጎን ጠርቶ ነገሩ አለቀ አለኝ። ሰውየው ወረቀት የለውም፣ አገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ አልገባም፣ የሟች ንብረት ተገኝቶበታል። መርከቧ ዓርብ እኩለ ቀን ውሃው ሲሞላ ትሄዳለች፤ በዚያው ሰዓት የዐቃቤ ሕግ መኪና መጥታ ሰውየውን ትወስደዋለች። የመርከቧን ስም ማንሳት አያስፈልግም።

«ጉዳዩ በእሱ ቢዘጋ ማንም አይጎዳም» አለኝ።

«እሱስ?» አልኩት።

አዛዡ መስኮቱን ማየት ጀመረ። መስኮቱ ላይ ከጭጋግ በቀር የሚታይ የለም። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን እንዳጣራ ለመንኩት፤ እያማረረ ፈቀደልኝ።

ታንት ጋ ተመለስኩ። ስልኩን ሽማግሌው ሰኞ ማታ ናሙና ሊቀዳ ሲመጣ እንዳዋሰው ነገረኝ። ሴት ልጁ ከተወለደች ስድስት ወር ሆኗታል፣ ድምፅዋን አልሰማም፣ ካፒቴኑ የሁሉንም ስልክ ሰብስቧል። ሽማግሌው ይሄን ሲሰማ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ በማግስቱ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎት ነበር። ሳይመጣ ቀረ። የስልኩን ጥሪዎች ቆጠርኩ። ሰኞ ማታ ሦስት፣ ማክሰኞ ጠዋት አራት፣ ሁሉም ወደ አንድ የበርማ ቁጥር። አለቃ ሙ ማክሰኞ ምሳውን ቤቱ በልቷል። ስለዚህ ስልኩ ከእጁ የወጣው በሕይወት እያለ ነው። ይሄ ብቻውን ግን ሰው ከእስር አያስወጣም፤ በስልኩ ተጣልተው ይሆናል ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሟች ቤት ሄድኩ። ሚስቱ እትዬ ቹንሜይ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጅዋን ታፋዋ ላይ አስቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ፓስታ አለ፣ ደርቆ ከሳህኑ ጋር ተጣብቋል። ሳየው አየችኝ።

«ትናንት ልደቴ ነበር» አለችኝ። «ሁለተኛው።»

ዘንድሮ ሁለተኛው ወር ሁለት ጊዜ ነው የመጣው፤ በጨረቃ አቆጣጠር ዓመቱ እንዲስተካከል በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ይደገማል። የእሷ ልደት ሁለተኛ ወር በገባ በስድስተኛው ቀን ነው። ባለፈው ወር አከበሩ። አለቃ ግን ሰማይ ሁለት ጊዜ ከሰጠሽ እኔ አንዴ ብቻ የማበላሽ ምን ቆርጦኝ ብሎ ትናንትም ለረጅም ዕድሜ የሚበላውን ረጅሙን የልደት ፓስታ እንድትሠራ አስምሏት ወጣ። ከሥራ ሲመለስ ሊበሉ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደተኛ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም እንደ ሕልም ነው የሰማኋት፤ ወሩ የሚደገምበት፣ መርከብ ቆሞ የማይታይበት ከተማ ውስጥ ሆኜ ምን ላድርግ።

ከቦርሳው አንዱን ጠርሙስ ይዤ ነበር። ማሸጊያውን ፈትቼ ከአፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ይሄን ያደረግኩት ሠላሳ አራት ዓመት የባሏን ልብስ በእጅዋ ያጠበች ሴት ስለሆነች ነው። ጎረቤቶቿ እንደሚሉት ከሸሚዙ ሽታ ብቻ የትኛው መርከብ ላይ እንደዋለ ታውቃለች።

«ይሄ የሰሞኑ አይደለም» አለች ወዲያው። «ይሄ ነጭ ሽንኩርት ነገር አለው። ለአዲስ ዓመት የመጣው ነው፤ ያኔ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ አጥቤው አልለቀቀም።»

ተነስታ ከቅርጫት ውስጥ ሰኞ የለበሰውን ሸሚዝ አመጣች። አሸተትኩት። የተጫረ ክብሪት ይሸታል፣ ጠርሙሱ ደግሞ እንዳለችው ነጭ ሽንኩርት። እኔ እንኳ ለየሁት። ጠርሙሶቹ ከመርከቧ አልተቀዱም።

ሌላውን ጠርሙስ የላኩላት የላቦራቶሪ ሴትዮ ሐሙስ ጠዋት ደውላ ይሄንኑ አረጋገጠችልኝ። ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ለአዲስ ዓመት የገባው ዘይት ነው፤ የቀረው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ሰባት ጭስ ግቢ ውስጥ፣ ሰባተኛው ጋን። ሰኞ የተቀዱትን እውነተኛ ጠርሙሶች ፍለጋ የአለቃን መጋዘን አገላበጥኩ። ቦታቸው ባዶ ነው።

ሱን፣ የሰባት ጭስ ሥራ አስኪያጅ፣ ቢሮው ውስጥ ሻይ ቀድቶ ጠበቀኝ። ስለ መርከቧ ሳነሳ የቱ መርከብ አለ። ስለ አክስት ዘይት ሳነሳ እናቴ ለእናትዋ አንድ ናት፣ አክስት የለኝም ብሎ ሳቀ። ሳቁ አስጠላኝ፤ እሱ ይሁን ብዬ ተመኘሁ። ሰኞ ለአለቃ በስልክ ደውሎ በጠርሙሱ ላይ ሺንፉ ስድስት ብሎ እንዲጽፍ መጠየቁን አልካደም። ሺንፉ ስድስት ወረቀትዋ ንጹሕ የሆነ ሌላ መርከብ ናት። አለቃ እንቢ ብሏል። ሃያ ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ ሲጽፍ የኖረ ሰው ምን እንደነካው አልገባኝም አለኝ። ማክሰኞ ግን ሱን የአውራጃው ዋና ከተማ ነበር። የባቡር ትኬቱ አለ፣ አብረውት እራት የበሉ ስድስት ሰዎች አሉ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው የገባው። ሁሉንም ደወልኩላቸው፣ ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ።

ከሱን ቢሮ ስወጣ ፉሊን ደጅ ላይ ጠበቀኝ።

ፉሊን የጋኖቹ ግቢ ኃላፊ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት የአለቃ ሙ ደቀ መዝሙር ነበር። የሚስቴም ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ሚስቴን ሳገባ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ አብጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። አቅፌው አብረን አለቀስን። የእሱ እንባ እውነተኛ ነበር፣ ይሄንን ዛሬም እመሰክርለታለሁ። ለመዝገብ ያህል ማክሰኞ የት እንደዋለ ጠየቅኩት።

«እናንተ ቤት ነበርኩ እኮ ጋሼ» አለኝ። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። አንተም አይተኸኛል።»

አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ስገባ እጅጌውን ጠቅልሎ ከእህቱ ጋር ሊጥ ያሻል። ሙታን ለሚታሰቡበት የመቃብር ቀን የሚደርሰውን፣ በወፍ ቅርጽ የሚሠራውን የእንፋሎት ዳቦ እየሠሩ ነበር። ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሚስቴንም ማክሰኞውኑ መቼ መጣ ብያት «ከሰዓት» ብላኝ ነበር። ቃሉን ጻፍኩለትና ትከሻውን መታ መታ አድርጌው ሄድኩ።

ሐሙስ ምሳ ቤቴ ገባሁ። ጭጋጉ መስኮቱ ድረስ ተጠግቷል። ጠረጴዛው ላይ ነጫጭ የዳቦ ወፎች ተደርድረዋል፤ ሚስቴ በቀይ ባቄላ ዓይን ታደርግላቸዋለች። እኔ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ የትናንቱን ቅጠል ቀደድኩ፤ ሥራዬ እሱ ነው እቤት ውስጥ። ከሥሩ የዛሬው ወጣ። ከትልቁ ቁጥር በታች በትንሹ «የተደገመው ሁለተኛ ወር፣ ስምንት» ይላል።

ቅጠሉን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ዛሬ ስምንት ከሆነ ማክሰኞ ስድስት ነበር። ጠርሙሶቹም ስድስት ይላሉ። ወሩን ግን ሦስተኛ ይላሉ። ሦስተኛ ወር ገና አልገባም። አለቃ ሙ ይህን ሊሳሳት አይችልም፤ በዚያን ቀን የሚስቱ ሁለተኛ ልደት ነው፣ ፓስታ አዞ ነው የወጣው። ሌላ ሰው ነው የጻፈው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ማሰብ ከተባለ። ታንት የእኛን ፊደል መጻፍ አይችልም። ሱን ማክሰኞ እዚህ አልነበረም፤ ቢኖርም የቢሮውን ቀን ነበር የሚጽፈው። የጻፈው ሰው የአለቃን ልማድ ያውቃል፣ የእጅ ጽሕፈቱን ማስመሰል ይችላል፣ እሱ ራሱ ግን በጨረቃ አይኖርም። ከመጋዘኑ ያለፈውን ወር ጠርሙስ አንስቶ አይቷል። ሁለተኛ ወር ይላል። ቀኑን ከዚያ ወዲህ ቆጥሮ አግኝቷል፤ ወሩን ግን እንግዲህ አሁን ሦስተኛ ነው ብሎ አንድ ጨምሯል። እንዲህ የሚሳሳት ሰው ቤይሻ ውስጥ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። አሥራ ሁለት ዓመት አለቃ መጋዘን ገብቶ የወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ግን ቀኑን ከስልኩ የሚያይ።

«ማክሰኞ ፉሊን ስንት ሰዓት ነው የመጣው?» አልኳት ሚስቴን።

«ከሰዓት አልኩህ አይደል።»

«ከሰዓት ስንት ሰዓት?»

እጅዋ ላይ ያለውን ዳቦ እያየች አሰበች። ሊጡን ስምንት ሰዓት ላይ አቦካችው፣ አንዴ ተነሳ፣ አሸችው፣ ደግሞ ተነሳ። ፉሊን ሲገባ ሁለተኛው ተነስቶ ጨርሶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት ከፖሊስ ጋር የኖረች ሴት ናት።

«ለምን ጠየቅከኝ?» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት እንዴት ይነገራል? እጅዋ ቆመ። ያቺ ወፍ ያለ ዓይን ቀረች።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፉሊንን ሰባተኛው ጋን ሥር አገኘሁት። ጋኑ የሦስት ፎቅ ቤት ያህላል፤ የብረቱ ደረጃ ሽቅብ ሄዶ ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋል። ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁትና ቀኑን አንብብልኝ አልኩት። አነበበው። የግድግዳውን ቅጠል አስከትዬ ሰጠሁት። እሱንም አነበበ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አልገፋሁትም ጋሼ» አለኝ።

አመንኩት። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃ ጋኑን ሊያይ ወጥቶ ሳለ ፉሊን ተከትሎት ወጥቶ ለመነው። ሺንፉ ስድስት ብለህ ጻፍ፣ አንድ መስመር ናት፣ የሚያጣራው ሰውዬ ሊመጣ ነው፣ ዘጠኝ መቶ ሰው ነው በዚህ የሚተዳደረው አለው። ሽማግሌው መርከቧ የለችም ብዬ ከጻፍኩ ላይዋ ላይ ያሉት ሃያ ሁለት ልጆች የት ናቸው አለ። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ስለ ዘይት ነበር፣ ይሄ ስለ ሰው ነው አለ። የመርከቧን እውነተኛ ስም የጻፈበትን ወረቀት ያዘ፤ ፉሊን ሊቀማው እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው እጁን ሲሰበስብ እግሩ ከደረጃው ሳተ።

«ወዲያው ሞተ?» አልኩት።

ፉሊን በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

«አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል ኖረ። እዚህ፣ አሁን እግርህ ያለበት። ኪሱን ዳበሰ። ስልኬ መርከቧ ላይ ናት አለኝ። ያንተን አውጣ፣ ደውልልኝ አለኝ።»

«አንተስ?»

«በእጄ ነበር ጋሼ። በእጄ ይዤው ነበር።»

አምቡላንስ ቢመጣ አለቃ ይናገራል፣ ከተናገረ መርከቧ ትኖራለች፣ መርከቧ ከኖረች ሰባት ጭስ የለም። ይህን ሲያስብ፣ ዘጠኝ መቶውን ሰው አንድ በአንድ ሲያስብ፣ ሳይደውል ቀረ፣ ሽማግሌውም እያየው ሞተ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። በእቃ ጋሪ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ እስከ ማቆሚያው ወስዶ ውሃው ውስጥ ጣለው። የሰኞዎቹን ጠርሙሶች ባሕር ጣላቸው፣ ከጋኑ ሌላ ቀድቶ ጻፈባቸውና ቦርሳውን አጥሩ ላይ ሰቀለው። ገላውን ታጥቦ እኔ ቤት መጥቶ ሊጥ አሸ።

ልመታው ፈለግኩ፣ ላቅፈውም ፈለግኩ። ሁለቱንም አላደረግኩም። ካቴናውን ሳስርለት ገና የስምንት ዓመቱ ልጅ መስሎ ታየኝ።

ጣቢያ ስደርስ ሱን ከአዛዡ ጋር ተቀምጧል። ሁለቱም ዜናውን ሰምተዋል። አሁን ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት። ታንት ይለቀቅ፣ ወደ መርከቡ ይመለስ፣ እኩለ ቀን ላይ ይሂድ። ፉሊን ይከሰስ። የጠቡን ምክንያት ግን በግል ጉዳይ ብለህ ጻፍ፣ መርከቧን አታንሳ። ሱን በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ዘጠኝ መቶ ሰው ነው፤ የገዛ ዘመዶችህ፣ ጎረቤቶችህ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ደግሞም እንደተባልኩት ብጽፍ ታንት ነፃ ነው፤ እኔ ሦስት ቀን የሮጥኩት ለዚያ አልነበረም?

ታንት የታሰረበት ክፍል ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። ነፃ መሆኑን፣ መርከቧ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደምትሄድ፣ ከፈለገ አሁኑኑ እንደማደርሰው። ሌላውንም አልደበቅኩትም። መርከቧን ከጻፍኳት ትያዛለች፣ እነሱም እስኪጣራ ወራት ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በመጨረሻ ግን ሰው ተብለው ተቆጥረው አገራቸው ይገባሉ። ካልጻፍኳት ዛሬውኑ ይሄዳሉ፣ ወደየት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጎ ተጠቀለለ።

«ሚስቴ ስልክዋ ላይ መርከቦችን የሚያሳይ ካርታ አላት» አለኝ በተሰባበረ ቋንቋው። «የእኛን ትፈልጋለች። ካርታው መርከቧ ማሌዥያ ቆማለች ይላል። ካፒቴኑ ነው እንደዚያ የሚያስዋሸው። እኔ ቤይሻ ነኝ እላታለሁ። ውሸታም ትለኛለች፣ ሌላ ሴት ይዘሃል ትለኛለች። መርከቧ ብትሰጥም እኮ ማሌዥያ ነው የሚፈልጉን።»

ከዚያ ዓይኔን እያየ «ጻፋት» አለኝ።

ስምዋን ጠየቅኩት። የቱን አለኝ። ከላይ የተቀባው ላኒ ነው፣ ከቀለሙ ሥር ማሪላ የሚል አለ፣ ከዚያ በታች ያለውን ዝገት በልቶታል። ላኒም ማሪላም ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ በሦስተኛው ማቆሚያ፣ ከሃያ ሁለት ሰው ጋር። ከሥሩ ፈረምኩ። አዛዡ ተነስቶ ወጣ፣ ሱን ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ወረቀቱ ወደቡ ዘንድ ሲደርስ መርከቧን ማስቆም ግዴታ ሆነባቸው። እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ተነሳና ጭጋጉ ቀስ እያለ ተገለጠ፤ መጀመሪያ ማቆሚያው፣ ቀጥሎ የመርከቧ ሆድ፣ ቀጥሎ ላይዋ ላይ ተሰልፈው የሚያዩን ሰዎች። የከተማው ሰው ወጥቶ ቆሟል። የማጣሪያው ሠራተኞች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው። ማንም አልጮኸም። ሃያ አንዱ መርከበኞች አንድ በአንድ ወረዱ፤ መሬት ስለረሱ እግራቸው ይንገዳገዳል። እኔ ከካፒቴኑ በተቀበልኩት ዝርዝር ስማቸውን ጠራሁ። አጠራሬ አስቂኝ ነበር መሰለኝ፣ አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። እያንዳንዱ ግን «አለሁ» አለ። በመጨረሻ ታንትን ጠራሁት።

«አለሁ» አለ።

የእኔን ስልክ ሰጠሁት፣ ለሚስቱ ደወለ። ወደቡ የመርከቧን ምልክት በትክክለኛው ቦታ አብርቶት ስለነበር ሚስቱ ካርታውን ከፍታ እየተናገረች ነው። ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ እሱ ብቻ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማታል።

የእኔ ሚስት ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ሰዉ ሲበተን ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። እጅዋ ላይ ዱቄት አለ።

«የፉሊንንም ስም ጻፍከው?» አለችኝ።

«ጻፍኩት።»

«በራስህ እጅ?»

«በራሴ እጅ» አልኳት።

ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ዞራ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ተከትያት ልሂድ ልቅር እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። እስክትገባና በሩን እስክትዘጋ ድረስ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም።